ቤተሰባችን ናት

ማዳም እንግዳ በመጣ ቁጥር ትከሻዬን ይዛ «ሺ ኢዝ ዋን ኦፍ ዘ ፋሚሊ» ትል ነበር። ቤተሰባችን ናት ማለቷ ነው። በስደት አገር፣ ሆዳን ሰፈር ያለው ቤቷ ተቀጥሬ ከገባሁ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚሠሩ ጓደኞቼም ይሰሙታል። ለእንግዳ ቀዝቃዛ መጠጥ እንደማቅረብ ያለ ወግ ነው። እኔ ሞኟ ግን ከልቤ አመንኩ።

የማዳም እናት አገራቸው ሞቱ። በስልክ ምስል ሲያወሩ እኔንም አስጠርተው እጃቸውን ያውለበልቡልኝ ነበርና በአካል ሳላገኛቸው ወድጃቸዋለሁ። አለቀስኩ። ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ሐዘንተኛ ብቻውን አይቀመጥም ብዬም ለጓደኞቼ ደወልኩ። አርብ ከሰዓት በዚያ ወበቅ ንፍሮ ቀቅለው ከሚኖሩበት ከካርቲዬ ዱ ሰፈር መጡ። አንዲት የድሬዳዋ ነጋዴም ሱቋን ዘግታ አብራቸው መጣች። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀመጡ።

ማዳም ከመኝታ ቤት ወጥታ ስታያቸው ክው አለች።

«እነዚህ እነማን ናቸው? ይሄ እኮ የቤተሰብ ጉዳይ ነው!»

«ለቅሶ ሊደርሱን ነው» አልኳት።

«የሞተችው የእኔ እናት ናት፤ ያንቺ አይደለችም!»

በሩን አሳየቻቸው። እንግሊዝኛ የማይችሉትም እጇን አይተው ገባቸው። ነጋዴዋ ደረቷን ነክታ ለማዳም ጎንበስ አለችላት፤ እየተባረረችም ወጉን አላጓደለችም። ወደ እኔ ዞራ «አላህ ያጽናሽ እህቴ፤ ነይ፣ እኔ ሱቅ እንቀመጣለን» አለችኝ።  ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል እያልኩ ምሕረት ላደርግላት ሞክሬያለሁ፤ እምቢ አለኝ። በዚያ ሙቀት ድስት ተሸክመው የመጡ ሴቶች ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ እንዴት ይባረራሉ? እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወራት አልፈው ቤቱ ውስጥ የእራት ግብዣ ሆነ። ማዳም ትከሻዬን ይዛ ያንኑ ቃል ደገመችው። የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና በእንግሊዝኛዬ ጠየቅኋት።

«ቤተሰብ ከሆንኩ፣ እናትዎ ሲሞቱ ለቀስተኞቼን ለምን አባረሩብኝ?»

ማዳም እጇን ከትከሻዬ አነሳች። ታባርረኛለች ብዬ ነበር፤ አላባረረችኝም። ከዚያ ወዲህ ለእንግዳ «ሠራተኛችን ናት» ትላለች። ይሻላል፤ እውነት ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬም አታውቅም። ያን አርብ ካርቲዬ ዱ ሄጄ፣ በተዘጋው ሱቅ ውስጥ ከእነዚያ ሴቶች ጋር ወለል ላይ ተቀመጥኩ። እናቷን ስማቸውን እየጠራን አለቀስንላቸው፤ ንፍሯቸውንም በላን። ያለቀሰችላቸው የራሳቸው ልጅ ብቻ አልነበረችም።