የትምህርቴ ዕዳና ያልቆጠርሁት ዋስ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ተነሥቻለሁ፤ ብትፈቅዱልኝ ግን ተቀምጬ እቀጥላለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። ሽማግሌ የወጣትነቱን ነገር ሲያወራ፣ የሆነውንና በሆነ ኖሮ ብሎ የተመኘውን ይቀላቅላል። ስለዚህ እርግጠኛ የሆንሁበትን “አውቃለሁ”፣ ያልሆንሁበትን “ይመስለኛል” እላለሁ። በሐሰት የሚመሰከርለት ጌታ የለንምና። ስሙ ይባረክ!

ለመናገር ያነሣሣችኝ እኅታችን ሰላማዊት ናት። ባለፈው እሑድ በር ላይ ያዘችኝ። ለነርስነት ዲግሪ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ክፍያው ግን በብድር ነው። “አባባ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሁሉ በዚህ ሙያ ኖረዋል። ተመርቄ የማገኘው ደመወዝ ይህን ዕዳ ይችለዋል? ደግሞ ዋስ አምጪ ብለውኛል፤ አባቴ የለ፣ ማንን ልጥራ?” አለችኝ። እኔም እንደ ልማዴ “ልጄ፣ ላስብበት” አልኋት። ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ጥያቄዋ የራሴ ነበርና፤ እዚሁ መተማ፣ በጣሊያን ዘመን።

አባቴ አላምረው ከጎጃም ደጋ ወርደው በዚህ ቆላ ሰሊጥ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። እኔን ዳዊት አስደግመው፣ ጥቂት ቅኔም አስቆጥረው ነበር። በኋላ ማዶ በሱዳን በኩል ያለው ሐኪም ቤት ተማሪ ይቀበላል የሚል ወሬ መጣ። ከማዶ የሚለየን ያው ዛሬም በእግራችሁ የምትሻገሩት፣ በበጋ የሚደርቀው ኾር የሚባለው ወንዝ ነው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ይፈጃል። ተምሮ የወጣውን ሱዳኖቹ ተመርጂ ይሉታል፤ ነርስ ማለታቸው ነው። እስኪወጣ ድረስ ግን ደመወዝ የለውም፤ ቀለቡም ልብሱም ክፍያውም ከቤቱ ነው።

አባቴ ከነጋዴው ከሐጂ ሰይድ ተበደሩ። ብድሩ ሸይል የሚባለው ነው። ነጋዴው በዘር ጊዜ ገንዘብ ይሰጣል፤ ገበሬው በአጨዳ ጊዜ፣ በዘር ጊዜ በተቆረጠው ርካሽ ዋጋ፣ ሰሊጥ ያስረክባል። አባቴ የደጋ ሰው ናቸው። በደጋ አንድ ቁና እህል የጎደለበት ሰው ለከርሞ ያንኑ አንድ ቁና ይሞላል። እዚህ ግን የጎደለው ሰሊጥ በዕለቱ ውድ ገበያ ወደ ገንዘብ ይለወጥና፣ ገንዘቡ በሚቀጥለው ዘር ጊዜ በርካሹ ዋጋ እንደገና ሰሊጥ ይሆናል። አንዱ ቁና እየተገላበጠ ይወልዳል። ሐጂው አላታለሉም፤ ይህን አውቃለሁ።

“አያ አላምረው፣ የጎደለውን በዕለቱ ገበያ ነው የምቆጥረው። ሰምተሃል?” አሏቸው።

“ሰምቻለሁ። በዚህ መሬት ምን ይጎድላል ብለህ ነው!” አሉ አባቴ።

በሁለተኛው ዓመት ሰሊጡ ሲያብብ ዝናቡ ቆመ።

ወገኖቼ፣ የዚያን ጊዜ ኑሮዬን እንዴት ልንገራችሁ! ቀን ከቀን የአንድ ተመርጂ ደመወዝ ከአባቴ ዕዳ ጋር ስመዝን እኖር ነበር። ቁስል ሳጥብ እደምራለሁ፣ ፋሻ ስጠቀልል እቀንሳለሁ። ትምህርቱን ብተው የወጣው ገንዘብ ከንቱ ይቀራል፤ ብቀጥል ዕዳው ከእኔ ቀድሞ ያድጋል። ገበያው ውስጥ “ሰሊጥ ተወደደ!” ሲባል አገሩ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን የአባቴን ዕዳ እንደገና እደምራለሁ። የበሽተኛውን ፊት ሳላይ ክንዱን ብቻ ይዤ እቆማለሁ። ዳዊት በመድገሜ ሁሉም መሪጌታ ይሉኝ ነበር፤ አንድ ቀን ቁስሉን የማጥብለት ግመል ነጂ እንዲህ አለኝ፦ “መሪጌታ፣ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል። እየጸለይህልኝ ነው ወይስ እየደገምህብኝ?” ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያ ቤት ጋሼ ዋቅጅራ የሚባሉ ዋና ነርስ ነበሩ። ከወለጋ የተሰደዱ፣ ወንጌልን የተቀበሉ ሰው ናቸው። ሚስታቸውን ከአገር ለማምጣት ከደመወዛቸው ይቆጥቡ ነበር፤ ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በምሳ ሰዓት ሁለት ሦስት ሆነው ከዛፍ ሥር ይዘምራሉ። እኔንም ይጠሩኛል። “ሥራ አለብኝ” እላለሁ። ሥራዬ ማስላት ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ራሴ ታመምሁ። ትኩሳቱ ሳምንታት አልለቀኝም፤ ጣፊያዬ አብጦ ሆዴ ተነፋ። ካላዛር ነበር፤ የሰሊጥ ሠራተኛውን የሚጨርሰው ያ በሽታ። ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ለጋሼ ዋቅጅራ “ብዙ ተስፋ አታድርግ” ያለ ይመስለኛል። ምናልባት እንዲህ አላለም፤ በትኩሳት የሰማሁትን አላምነውም። መርፌው ግን ተጀመረልኝ። ከመርፌው ይልቅ የሚወጋኝ ሌላ ነበር፦ ብሞት ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

አንድ ጠዋት በመስኮቱ ያየሁትን አልረሳውም። አባቴና ሐጂ ሰይድ ኾሩን ተሻግረው ይመጣሉ፤ የአባቴ ኩታ ጫፍ ከሐጂው ጀለቢያ ጫፍ ጋር ተቋጥሯል! ልጆች፣ ይህን ልማድ አታውቁት ይሆናል። ባለዕዳ መክፈል ሲያቅተው አበዳሪው ልብስ ለልብስ ይቋጥረውና፣ ዋስ እስኪጠራ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። ዋስ ሲቆም ቋጠሮው ይፈታል። ግን ኩታ ለኩታ ነው የሚቋጠረው፤ በጀለቢያ የሚያስር አላየሁም።

“ቀስ በል እንጂ አንተ ሰው፣ ልትቀድብኝ ነው!” ይላሉ ሐጂው።

“አሰርሁህ ትላለህ፣ የታሰርኸውስ አንተ ነህ” ይላሉ አባቴ። “እኔ ኩታዬን ጥዬ እሄዳለሁ። አንተ ጀለቢያህን ጥለህ በገበያው መሐል እስቲ ሂድ!”

በሽተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ሐጂውም ሳያስቡት ሳቁ። አልጋዬ አጠገብ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቀረ። አባቴ ሊስሙኝ ጎንበስ ሲሉ ልብሱ ያዛቸው፤ ሐጂው ጠጋ አሉላቸው፤ አባቴም ሳሙኝ።

“ሐጂ፣ እንደምታየው ልጁ ታሟል” አሉ አባቴ።

“አላህ ይማረው። ሲድን ግን ትምህርቱን ትቶ እርሻዬ ላይ ይሥራ። ይህ ካልሆነ ዋስ ጥራ።”

“ከየት አባቴ ልጥራ? ዘመዴ ሁሉ ደጋ ነው። በዚህ ቆላ ማን ያውቀኛል?”

እኔ ተኝቼም እያሰላሁ ነበር፤ በየትኛውም መንገድ ባሰላው ይጎድላል።

ጋሼ ዋቅጅራ እጃቸውን ታጥበው በፎጣ እያደረቁ መጡ። “ሐጂ፣ እኔ ዋስ ነኝ” አሉ።

“አንተ? ምኑ ነህ? ዘመዱ ነህ?”

“አይደለሁም።”

“ያገሩ ሰው ነህ?”

“አገሬ ሩቅ ነው።”

“ባይከፍል ካንተ ደመወዝ በየወሩ እንደምወስድ ታውቃለህ?”

“ዋስ ማለት ይኸው አይደል? ይልቅስ ይህን ጀለቢያ ፍታው፤ በሽተኞቼ ሲስቁ ቁስላቸው ይከፈታል።”

ሐጂው ቋጠሮውን በገዛ እጃቸው ፈቱ። አባቴ ኩታቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ሃሌ ሉያ!

እኔ ግን አመስጋኝ አልነበርሁም፤ ተቆጣሁ። “ጋሼ፣ ምን ሆነዋል? ይህ የሚስትዎ ገንዘብ ነው! ሒሳቡን አላዩትም እንዴ?” አልኋቸው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ቃላቸው በልክ እንዲህ ነበር አልልም፤ ፍሬው ግን ይህ ነው፦ “መሪጌታ፣ ገቢህን ቆጥረሃል፣ ዕዳህንም ቆጥረሃል። ዋስ ግን ከቶ አልቆጠርህም። እኔም እንዳንተ ነበርሁ። የማልከፍለው ዕዳ ነበረብኝ፤ ዘመዴ ያልነበረ ጌታ ‘እኔ ዋሱ ነኝ’ ብሎ ቆመልኝ፤ በደሙም ከፈለው። ላንተም ቆሟል። ቋጠሮው ተፈትቶ ሳለ አንተ ነህ ጫፉን ይዘህ የምትቀመጠው።”

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እጃቸውን ይዤ፣ “ጌታ ሆይ፣ እኔ አልችልም፤ አንተ ቁምልኝ” አልሁ። ጸሎቴ ይኸው ነበር። ከዚያ ሳላሰላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ክብር ለእርሱ ይሁን!

ዳንሁ። መርፌው ነው ወይስ ጸሎቱ ብትሉኝ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ መርፌውን አልክድም፤ ሁለቱም ከአንድ እጅ መጡ እላለሁ። በክረምቱ የጣሊያንና የእንግሊዝ ጦርነት ድንበሩ ላይ ደረሰ፤ ሐኪም ቤቱም ወደ መሐል ሱዳን ሸሸ። ትምህርቴን እዚያ ጨረስሁ። ጋሼ ዋቅጅራ ዕዳውን ለሐጂው ከፍለው ጨረሱ፤ ሚስታቸው የመጣችው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤላቸው ስሄድ ጣቶቼን በገንዘቡ ላይ አጥፈው መለሱልኝ። “ዋስ ያጣ ሰው ስታገኝ ያን ጊዜ ትከፍላለህ” አሉኝ።

ሰላማዊት ልጄ፣ ደመወዙ ዕዳውን ይችላል ወይ ብለሽኛል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ዛሬም አላውቀውም። ሳምንቱን ሙሉ የአንቺን ሳሰላ ነበር፤ አንዴ ይተርፋል፣ አንዴ ይጎድላል። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ የእኔም ሒሳብ ጎድሎ ነበር፣ ይኸው እዚህ ደርሻለሁ። ወገኖቼ፣ ሒሳባችሁ የጎደለባችሁ ሁሉ፣ ለእኔ በቆመው ጌታ ታመኑ፤ ዘመዳችሁ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ስለ እስትንፋሴ፣ ስለ ዕድሜዬ፣ ስለዚያ ፎጣ የያዘ ሰው ጌታን አመሰግናለሁ።

ሰላማዊት፣ ፎርሙ ላይ “የዋስ ፊርማ” የሚል ቦታ አለ አይደል? ስንጨርስ አምጪው። ብዕሩን ይዤ መጥቻለሁ።