አፈር ስሆን

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ያገባሁት ሰው ሐዲድ ጠባቂ ነበር። ይህን ስናገር የሰፈሬ የዶሮ ማነቂያ ሴቶች ብረት የሚቀጠቅጥ ይመስላቸዋል። የእሱ ሥራ ግን ከብረቱ በታች ነው። ሐዲዱ ከከተማ ወጥቶ ወደ ቆላ ሲወርድ ብዙ ቦታ ላይ የሚያርፈው ሰው ከምሮ በደለደለው አፈር፣ በድልድሉ ላይ ነው፤ ያንን አፈር ደግሞ አዋልደጌሳ የሚሉት ቆፋሪ አውሬ ይወደዋል። ምስጥ ፍለጋ ሲቆፍር ያድርና ጥሎት ይሄዳል። ከዚያ ጃርት ይገባበታል፤ አንዳንዴም ጅብ ይወልድበታል። «ቆፋሪው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ፤ እንደኛ ሰፈር» ይል ነበር ባለቤቴ።

እኔን አያስቀኝም ነበር። የጉድጓዱን አፍ ብቻ ቢደፍኑት ውስጡ ባዶ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ ውሃው ይሰርግና ድልድሉን ይንደዋል፣ ባቡሩም ከነሰዉ ይገለበጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ፋኖስ ይዞ፣ በደረቱ እየተሳበ፣ መጨረሻው ድረስ ገብቶ ማየት አለበት። ድንጋይና ጭቃ እየጠቀጠቁ የሚሞሉት ከዚያ በኋላ ነው። ከባልደረቦቹ ሁሉ ቀጭኑ ደግሞ እሱ ነው። ስንጋባ እናቴ ቅጥነቱን አይታ ከንፈሯን መጥጣ ነበር። እኔ ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ በኋላ ግን ያን ቅጥነት ጠላሁት። ቅቤ እያበላሁ ላወፍረው ሞከርኩ፣ እሱ ግን ወይ ፍንክች።

ሰኞ ሰኞ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆሜ እለምነዋለሁ።

«አፈር ስሆን፣ ዛሬ እንኳ ሌላ ሰው ይግባ።»

«አፈርማ ሞልቶናል» ይለኛል ከረጢቱን ትከሻው ላይ እየጣለ፤ «ድንጋይ ሁኚልኝ።»

የአራዳ ልጅ ነው፣ ቀልድ አያጣም። እስከ ቅዳሜ አይመለስም። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ጎረቤቱ ብርድ ልብሱን ስቦ ይተኛል፤ እኔ አፈሩ ምን ያህል ውሃ ጠጣ እያልኩ አፈጣለሁ።

አንድ ክረምት ሳምንቱን ሙሉ ዘነበ። ቅዳሜ ከሰዓት የባቡሩን ፊሽካ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የጉራጌ አዛውንት ተሻግረው መጡ።

«ድልድል ተንዶ ባቡሩ መንገድ ላይ ቆሟል ይላሉ። ወሬ ነው እንግዲህ። ነይ ልጄ፣ አብሬሽ ልውረድ።»

ወሬ ነው ይበሉ እንጂ ሱቃቸውን ቆልፈዋል። እኚህ ሰው በቅዳሜ ገበያ ሱቅ ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። ነጠላዬን አንሥቼ ተከተልኳቸው።

ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስንወርድ ጃንጥላቸውን ለእኔ ይዘው እሳቸው ረጠቡ። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ደርሰን ቆመን ቀረን። ባቡሩ ሊመሽ ሲል እያዘገመ ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ደግፈውት እሱ ወረደ፤ ቅንድቡ ሳይቀር አፈር ነው።

«ውስጥ እያለ ተናደበት» አለኝ አንደኛው። «በእግሩ ነው ጎትተን ያወጣነው።»

ልናገረው ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝና የለመድኩትን አልኩት፤ «አፈር ስሆን።»

ድንጋይ ሁኚልኝ እንዲለኝ ጠበቅሁ። አላለኝም።

«እሱን አትበይ» አለኝ መሬት መሬት እያየ። «ሁለተኛ እንዳትይው።»

አንድ ሳምንት ተኝቶ ከዚያ በኋላ በመጣው ሰኞ ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ልለምነው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ዕድሜና ሆድ ከጉድጓድ እስኪያስቀሩት ድረስ ስንት ሰኞ እንዲሁ ዝም ብዬ ሸኘሁት፤ ዝምታው ከልመናው ይብስ ነበር።

ዘግይታ የተወለደችው ሴት ልጃችን ግን ቃሉን ከጎረቤት ለቅማ አመጣችው። አንድ ነገር ሲያምራት «እማዬ፣ አፈር ስሆን» ትለኛለች። ሳላስጨርሳት የጠየቀችውን እሰጣታለሁ። ነቅታብኛለች መሰለኝ፣ ለጫማም ለከረሜላም እሱን ማለት ጀምራለች። እኔም ገና «አፈር» ስትል እጄ ወደ መቀነቴ ይሮጣል።