እናቴ ያጨናነቀችው ሰርቨር

ላሊበላ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ማስረዳት ስለሚሰለቸኝ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ኮምፒውተር እጠግናለሁ» ብዬ እገላገላለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በላስታ ተራሮች ላይ የተበተኑትን ጤና ጣቢያዎች ከሆስፒታሉ ጋር የሚያገናኝ የሬዲዮ መስመር አለን፤ በየጤና ጣቢያው ደግሞ መስመሩን ለየክፍሉ የሚያከፋፍሉ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። እነዚህን ሳጥኖች የሚጠብቅልኝ ቢሮዬ ካለው ሰርቨር ላይ የተጫነ አንድ ሶፍትዌር ነው። እያንዳንዱ ሳጥን በገጹ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል፤ እየሠራ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከጠፋ ቀይ። የተበላሸውንም ከወንበሬ ሳልነሳ የማስተካክለው በዚሁ ሶፍትዌር ነው።

እናቴ ኩልመስክ አጠገብ ባለ ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው ኮምፒውተር የመጣባት። ማውዙን እስከዛሬ የምትይዘው ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው ነው፤ ብትለቀው ይወድቃል፣ አጥብቃ ብትይዘው ያቃጥላታል። እኔ ስስቅባት «ሳቂ፣ ሳቂ! አንቺም ወደፊት የማታውቂው ነገር ይመጣብሻል» ትለኛለች።

በመካከል መስመር ሁሉ ተቋርጦ የከረመበት ጊዜ ነበር። እኔ ላሊበላ፣ እሷ እዚያው፤ ስልክ የለ፣ መልእክት የለ። ከዚህ ወደዚያ የተሻገረ መንገደኛ ሁሉ እየሄደ «ልጅሽ ደህና ናት» ይላታል። ሰዎቹ መልካም ማድረጋቸው ነበር። እኛ አገር ግን ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያስፈራ የለም። መርዶ በድንገት አይነገርማ፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ «ትንሽ አሟት ነበር፣ አሁን ደህና ናት» እየተባለ ይሸፋፈናል። ስለዚህ እናቴ «ደህና ናት» በተባለች ቁጥር እኔን እየቀበረች ከረመች። የደም ግፊቱም የዚያን ጊዜ ጀመራት። መስመሩ ተመልሶ ስደውልላት አንዲት ቃል መናገር አልቻለችም፤ ትንፋሿን ብቻ ነበር የምሰማው። ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳይደርስባት አስጠነቀቀን። እሷም ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ የሰው ቃል ማመን ተወች።

ጤና ጣቢያዎቹ «መስመር አለ ወይ?» እያሉ በስልክ መከራዬን ሲያሳዩኝ፣ የነጥቦቹን ገጽ ማየት ብቻ እንዲችሉ ለሁሉም ከፈትኩላቸው። እናቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ ለእሷም አሳየኋት። የቢሮዬን ሳጥን ጠዋት ስገባ አበራዋለሁ፣ ማታ ስወጣ አጠፋዋለሁ። «ይቺ ነጥብ እኔ ነኝ። አረንጓዴ ከሆነች ገብቻለሁ ማለት ነው» አልኳት። ለጨዋታ ነበር ያልኩት። እናቴ ግን እንደዚህ ያለ ጨዋታ አታውቅም።

ከወራት በኋላ የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ማስጠንቀቂያ ላኩ። ሶፍትዌሩ ላይ አገልግሎት የሚያቋርጥ ክፍተት ተገኝቷል ይላል። ፓስዎርድ የሌለው ሰው እንኳ ጥያቄ ጀምሮ ሳይጨርስ እየተወ ደጋግሞ ከላከበት፣ ሶፍትዌሩ ለማንም መልስ መስጠት ያቆማል። የሚሰረቅ ነገር የለም፣ የሚጠፋም የለም፤ ዝም ብቻ ይላል። ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ ከታወቁ ጥቂት ኮምፒውተሮች በስተቀር በሩን ለሁሉም ዝጉ ይላል ምክሩ። ለአለቃዬ ሳነብላቸው «እኛን ማን ያውቀናል ብለሽ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሶፍትዌራችን ረፋድ ረፋድ ላይ ዝም ማለት ጀመረ። አጥፍቼ አስነሳዋለሁ፤ ጥቂት ሠርቶ እንደገና ዝም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አንድ ቀን ይባስ ብሎ ኮን አጠገብ ባለው ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍሉ መስመር ተቋረጠ። አዋላጇ ከሆስፒታሉ ሐኪም መልስ እየጠበቀች ነው፤ እኔ ደግሞ ሳጥኑ የት ላይ እንደታመመ ማየት አልችልም። ያን ቀን ኮምፒውተሩን የሰደብኩትን ስድብ ንስሐ አባቴ ባይሰሙት ይሻላል። በመጨረሻ በሌላ መንገድ ዞሬ አገናኘኋቸው፤ ወላዷም በሰላም ተገላገለች። አለቃዬ ግን «ተጠቅተናል!» ብለው ተነሱ። ፊታቸው ላይ ከድንጋጤው ይልቅ ኩራት ያየሁ መሰለኝ፤ ለካ እኛንም የሚያውቀን ሰው አለ!

ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ መመርመር ጀመርኩ። ሁሉም ከአንድ ጤና ጣቢያ ነው የሚመጡት፤ አብዛኞቹ ደግሞ ከአንድ ክፍል። የክፍሉን ስም ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ተቀመጥኩ። የካርድ ክፍል ይላል።

እዚያ መስመሩ ደካማ ስለሆነ ገጹ እየተንፏቀቀ ነው የሚመጣው። እናቴ ደግሞ ደጅ ቆማ «ቤቶች!» ብላ ከተጣራች ሰው ወጥቶ ካላናገራት የምትመለስ ሰው አይደለችም። ማናችንም አይደለንም። ገጹን ትነካለች፤ ይዘገያል። እስኪመጣ አትጠብቅም፣ እንደገና ትነካለች፤ አሁንም እንደገና። ደህና ሶፍትዌር ጠርቶት ዝም ያለውን ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረሳዋል። የእኛው ግን የጠራውን ሁሉ ከነጅምር ጥያቄው ይዞ ያቆማል፤ ቦታ ሲያልቅበት ለእኔም መልስ ያጣል። ክፍተቱ ይኸው ነበር።

«ዛሬውኑ ዝጊው» አሉ አለቃዬ። ልክ ነበሩ። ጥቂት ቃላት ጽፎ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ከዘጋሁት ነገ ጠዋት እናቴ ገጹን ስትነካ የእኔ ነጥብ የለችም። በዚያ ሳምንት የስልክ ታወሩ ተበላሽቶ ስለነበር ደውዬ ላስረዳት አልችልም። በእኛው መስመር ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ብጽፍለትስ? መጥቶ «ልጅሽ ደህና ናት፣ የተዘጋው ገጹ ብቻ ነው» ሊላት አይደል? እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ እናቴ መሬት ላይ ናት።

«እስከ ነገ ወዲያ ይታገሡኝ፣ ራሴ ሄጄ ልንገራት» አልኳቸው።

«ለአንድ ገጽ መዝጋት ኩልመስክ ድረስ?»

«ለእናቴ ነው እንጂ ለገጹ አይደለም።»

ትንሽ አዩኝና መነጽራቸውን አወለቁ። እናታቸውን በቅርብ ነው የቀበሩት። «ሲተኛብን እኔ እቀሰቅሰዋለሁ፤ ሂጂ» አሉኝ።

አካሄዱም ቀላል አልነበረም። ማለዳ መድረስ አይሆንም፤ መርዶ ነጋሪ ነው ማለዳ የሚመጣው። ሰው አስከትሎ መሄድም አይሆንም። የሆስፒታሉ መኪና ሁለት ሰዎች ይዞ ወደዚያው እየሄደ ነበር፤ «ግቢ እንጂ» ሲሉኝ እንቢ አልኩ። ሦስት ሆነን ከመኪና ስንወርድ ብታየን፣ አንድያ ወንድሜ ሞቶ ልናረዳት የመጣን ነው የሚመስላት። ስለዚህ ቢጫ ሻርፕ አስሬ፣ በሚኒባስ፣ ብቻዬን፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ደረስኩ።

ከበሩ ላይ ዘበኛው አየኝና ወደ ውስጥ ጮኸ። «መጣች! ኑ እናንተ፣ መጣች!»

የጤና ጣቢያው አዋላጅ ጓንቷን እያወለቀች ብቅ አለች። «አንቺ! ዛሬ እኮ ሳትገቢ ቀርተሽ አስደንግጠሽናል። እትዬ ቁርሳቸውን አልቀመሱም።»

ጠዋት ቢሮ ሳልገባ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ መሄዴ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ልጅም ወጣ። «እኔም ጋ ደጋግሜ ከፈትሁት፤ እንቢ አለኝ» አለ። ለካ እናቴ ብቻዋን አይደለችም። የእሷ ኮምፒውተር ሲዘገይባት ወደ ማዋለጃው ትሄዳለች፣ ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤቱ፤ «እስቲ ልጄ ገብታ እንደሆን እዩልኝ» ትላቸዋለች። እየቆየ እነሱም ሳይጠየቁ ማየት ለመዱ። የጤና ጣቢያው ሰው ሁሉ ሥራ የሚጀምረው እኔ መግባቴን ጠይቆ ነው። ገጹ ሊዘጋ ነው ልላት የመጣሁ ሰው እንባዬ መጣ።

እናቴ በካርድ ክፍሉ መስኮት ብቅ ብላ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም። መጀመሪያ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች። ቀጥሎ ሻርፔን አየች። ከዚያ ወንበሯ ላይ ዝርፍጥ አለች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እማዬ።»

«ወንድምሽስ?»

«ደህ…» ብዬ ምላሴን ነከስኩት። «ትናንት አውርቼዋለሁ። ሻርፕሽ ቢጫ ወባ የያዘሽ ያስመስልሻል ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።»

ያኔ ሳቀች፤ ተነስታም ሳመችኝ፤ ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ዓይኖቼን።

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች እስኪያልቁ ጠብቄ ሁሉንም አስረዳኋት። ስለ ክፍተቱ፣ ስለ ማስጠንቀቂያው፣ ስለ ኮኗ ወላድ ነገርኳት። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ታዲያ እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ?»

«አንቺ ምን አደረግሽ! ደንቆሮው እሱ ነው። ሰው ስለጠራው ይወድቃል?»

«እኔማ ዝም ሲለኝ ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ፣ ቆይቼ ቆይቼ ነበር የምነካው።»

«ቆይተሽ! የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም? መዝገቡን አይቼዋለሁ እኮ፤ ፋታም አልሰጠሽው» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ እሷ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ካርዶች ሰብስባ አስተካከለቻቸው፤ የተስተካከሉትን ደግሞ በትና አስተካከለቻቸው።

«እሺ። ለወላዷ ሲባል ዝጊው» አለች። ቀጥላም «እኔስ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ልሁን?» አለችኝ።

ታወሩ ሲሠራ እደውልልሻለሁ ማለት እችላለሁ፤ ግን ታወሩ ሳይሠራ የሚቀርባቸውን ቀናት ነው የምትፈራው።

«ባንቺ በኩልስ እኔ እታያለሁ?» አለችኝ።

«ትታያለሽ። ያ አናትሽ ላይ ያለው ሳጥን ነዋ።»

«መቼ ነው የምታይው?»

«ጠዋት እንደገባሁ። ከሁሉም አስቀድሜ።»

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሥራው ቢሆን መጀመሪያ መታየት ያለበት የዋናው ሆስፒታል መስመር ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት የካርድ ክፍሏን ነጥብ አይቼ ነው ሻይ የምጠጣው። አረንጓዴ ሆና ሳገኛት እናቴ መስኮቷን ከፍታ የተቀመጠች ይመስለኛል። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳጥኑን ቀና ብላ አየችው።

«እና አንቺም!» አለች።

በማግስቱ ቢሮዬ ገብቼ ገጹን ዘጋሁት። ሶፍትዌሩ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበረው ማለዳ የካርድ ክፍሉ ነጥብ በድንገት ቀላች። ክው ብዬ ደነገጥኩ፤ መብራት ይሆናል ብዬ ስጣደፍ ግን ተመልሳ አረንጓዴ ሆነች። በሚቀጥለውም ጠዋት እንደዚሁ፤ መስኮቷን በምትከፍትበት ሰዓት፣ ቀይ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ ወንበር ላይ ወጥታ የሳጥኑን ሶኬት ትነቅልና መልሳ ትሰካዋለች። እንዲህ ማድረግ ለመሣሪያው ጥሩ አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን ያደረገው ጮኼ አገሩን አናውጠው ነበር።

ማስተካከያው ሲደርስ ጫንኩትና ክፍተቱ ተደፈነ። ገጹንም ለሁሉም መልሼ ከፈትኩ። ታወሩ ተሠርቶ ስለነበር ወዲያው ደወልኩላት።

«እማዬ፣ አሁን የፈለግሽውን ያህል መንካት ትችያለሽ። አይወድቅም።»

«ተይው፣ አያስፈልገኝም።»

«እንዴት? እኔ መግባቴን በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «እየነቀልሁ ‹ይኸው አየችኝ› እላለሁ፤ ይበቃኛል።»

የሰው ቃል የማታምነው እናቴ ናት እንዲህ ያለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።

በማግስቱ አለቃዬ ወረቀት ሊያስፈርሙኝ ገብተው ከጀርባዬ ቆመው ሳሉ የካርድ ክፍሏ ነጥብ ቀላች።

«ያቺ ጠፋች፤ ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ።

«ትመለሳለች» አልኳቸው።

ወረቀታቸውን ትተው ወንበር ሳቡና አጠገቤ ተቀመጡ። እስክትመለስ ድረስ ሁለታችንም ጠበቅናት።