ቁልቁለት ላይ የምታስወርደው ማኪና

ልጆቼ «የጠላት ዘመን ደግሞ ይናፈቃል እንዴ?» እያሉ ይቆጡኛል። እኔን የናፈቀኝ ጠላት አይደለም። ያማ ወንድሜን የበላ፣ ጎረቤቶቼን ከቀያቸው ያፈናቀለ ዘመን ነው፤ ምኑ ይናፈቃል? የሚናፍቁኝ ባለቤቴ ናቸው። እሳቸውን ባሰብሁ ቁጥር ደግሞ ያቺ አሮጌ ማኪናቸው ሳልጠራት ትመጣለች። ከጎንደር አይከል፣ ከአይከል ጎንደር እያቃሰተች ትመላለስ ነበር። ቀሐ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ እንኳ ድምጿን ከጣሊያን ካሚዮን ሁሉ ለይቼ አውቀው ነበር፤ ስሰማው ልብሱን በእርጥቡ ጠቅልዬ ወደ ቤት እሮጣለሁ።

ባለቤቴ የሲራራ ነጋዴ ልጅ፣ ራሳቸውም ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በበቅሎ ጭነው መተማ ድረስ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ እግራቸው አብጦ፣ ጨዋታቸው ግን ሞልቶ ነው። ጣሊያን መንገዱን ጠርጎ ካሚዮኑን ሲያግተለትልበት የበቅሎው ንግድ ሞተ። በቅሎ ሳምንት የምትሄደውን ካሚዮን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ በቅሎ ይዞ ገበያ የደረሰ ሰው የሚያገኘው የተራገፈ ገበያ ነው። ባለቤቴ ነገሩን አዩ፣ አዩና አንድ ቀን በቅሎዎቻቸውን አንድ ባንድ አንገታቸውን እያሻሹ ሸጧቸው። በዚያው ገንዘብ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ ጣሊያናዊ ነጋዴ ትንሽ የጭነት ማኪና ገዙ። ሰውየው አዘዞ ሜዳ ላይ ወስዶ መንዳት አስተማራቸው። የመጀመሪያ ቀን ሲመለሱ «እንዴት ነች?» ብዬ ብጠይቃቸው «አፏ ጠንካራ ነው፣ ልጓም አትሰማም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ማኪናዋ ሲያወሩ ሁሉ እንዲህ ነበር።

ማኪና መግዛት ግን ማኪና ማሽከርከር አልሆነም። ያለ መድን ወረቀት ኬላ አታልፍም ተባለ። መድን ምን እንደሆነ ፒያሳ ካለው ቢሮ ሄደን ነው የተረዳነው፦ በየዓመቱ ትከፍላለህ፤ ማኪናህ ገደል ከገባች ቢሮው የሌላ መግዣ ይሰጥሃል። ሐሳቡን ባለቤቴ ወደዱት። «በቅሎዎቼ ሲሞቱብኝ እንዲህ ያለ ሰው የት ነበር?» አሉ። ዋጋውን ሲሰሙ ግን ላብ አጠመቃቸው።

የቢሮው ሹም ቀጭን፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጣሊያናዊ ነበር። አስተርጓሚው የእኛው የጎንደር ልጅ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነበር። ባለቤቴ በእሱ አፍ «ለምን ይህን ያህል?» ብለው ጠየቁ። ሹሙም ማኪናዋን ደጅ ወጥቶ አያትና ምክንያቱን ዘረዘረ። የጎኗ ሳንቃ ረጅም ነው፤ ረጅም ከሆነ ከልክ በላይ ይጫንባታል። ማደሪያ ቤት የላትም፤ ደጅ ያደረች ማኪና ትሰረቃለች። ደግሞ ሰው ልጫንባት ካሉ የሚከፍሉት እሷ ዓመቱን ሙሉ ከምታስገባው ይበልጣል። ሰው አልጭንም ብለው ከፈረሙ ግን ይረክሳል፤ ፈርመው ሲጭኑ ከተገኙ ደግሞ አደጋ ቢደርስ ሰባራ ሳንቲም አይሰጣቸውም።

እንግዲህ ሌላው ሰው ማኪናውን ሲያሳምር፣ ሲያስረዝም፣ ሲቀባ እኛ የእኛን መቁረጥ ጀመርን። ባለቤቴ የጎኗን ሳንቃ በክንድ ለክተው አሳጠሩት። ለማደሪያዋ የበቅሎዎቹን ጋጣ ሰጧት፤ በሩ ስላላስገባት የፊቱን ግድግዳ አፈረስን። እኔ ድንጋይ ሳግዝ «በቅሎ ስናረባ ግድግዳ አላፈረስንም» እያልሁ ስነጫነጭ ዋልሁ። እሳቸው ይስቃሉ። ገለባው ሳይጠረግ ነው ያስገቧት፤ ለብዙ ጊዜ ያቺ ማኪና ቤንዚንና ፋንድያ አንድ ላይ ትሸት ነበር። ሹሙ መጥቶ ሲያያት አጥራና ጋጣዋ ውስጥ ቆማ አገኛት፤ እስኪያስለው ሳቀና ዋጋውን ቀነሰው። ባለቤቴ ሰው እንደማይጭኑ ፈረሙ።

ሲፈርሙም እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን የሲራራ ነጋዴ ሕግ አለው፤ መንገድ ላይ የደከመ ሰው ካገኘህ በቅሎህ ላይ ታወጣዋለህ እንጂ አልፈኸው አትሄድም። አንድ ቀን ጭነት ላግዛቸው አብሬ ሄጄ ከአይከል ስንመለስ አንዲት እርጉዝ ሴት የማር ገንቦ በጀርባዋ አዝላ መንገድ ዳር ተቀምጣ አገኘናት። ወደ ጎንደር ገበያ መሄዷ ነው፤ ከንፈሯ ደርቋል። ባለቤቴ አቆሙ። እኔ «ፊርማዎን ያስታውሱ» አልኋቸው። «ፊርማው ይቺን አያውቃትም» አሉና አወጧት። በሚቀጥለው ገበያ እሷ ከጎረቤቷ ጋር እዚያው ቦታ ጠበቀችን፤ ከዚያ በኋላማ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቅቤውን፣ በርበሬውን፣ ጥጡን ይዞ «አያ! አያ!» እያለ መንገድ ዳር ቆመ።

ሴቶቹ ጆንያ ላይ ሲንገላቱ ባለቤቴ አላስቻላቸውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቤተ እስራኤል መንደር አንድ ቀጥቃጭ አስጠሩ። ሰዎች «ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፤ ዓይኑ እያየሽ እህል አትብይ» ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን ምሳውን ራሴ አቀረብሁለት፤ እንደ ሃይማኖቱ ወግ ለብቻው በላ። እሱ በማኪናዋ ወለል ላይ የብረት ቀለበት መታልን። ሳንቃው ቀለበቱ ውስጥ ሲሰካ አግዳሚ ወንበር ይሆናል፤ ሲነቀል ወለሉ ላይ ተነጥፎ ወለል ይመስላል። ዓርብ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሥራውን ጨርሶ ለሰንበቱ ወደ ቤቱ ሄደ፤ እኛም በማግስቱ የቅዳሜ ገበያተኞችን በወንበር አስቀምጠን አመጣን። ኬላው ጋ ከመድረሳችን በፊት ሴቶቹ ወርደው በእግራቸው ያልፋሉ፣ ሳንቃው ይነጠፋል፤ ከኬላው ማዶ መልሰን እንሰካዋለን። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ የእኛዋም ኬላ ላይ ሲጠይቋት ስለ ጆንያ ብቻ ታወራ ነበር።

እንዲህ ስል ባለቤቴ ዘመናዊ ሰው የሆኑ እንዳይመስላችሁ። ቁልቁለት ላይ በበቅሎ መቀመጥ ነውር ነው፤ ከብቱን መበደል፣ ራስንም ለገደል ማቅረብ ነው። እሳቸው ይህን ሕግ ወደ ማኪናዋ አዛወሩት። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ ያቆሙና «ውረዱ!» ይላሉ። ሁላችንም እንወርዳለን፣ እሳቸው ብቻቸውን ማኪናዋን እየገቱ ይወርዳሉ፤ እኛ በእግራችን ወርደን ታች እንሳፈራለን። የጎንደር ሹፌሮች ይህን ሰምተው በሳቅ ሞተዋል።

«አያ፣ ማኪናም ይደክማታል እንዴ?» ይሏቸዋል ሴቶቹ።

«ይድከማት አይድከማት እኔ ምን አውቄ! ቁልቁለት ቁልቁለት ነው፤ ውረዱ!»

ሴቶቹም ዘፈን አወጡላቸው፤ እያጨበጨቡ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይዘፍኑታል፦

በማኪና መጣሁ ብዬ እንዳላወራ፣
ግማሹን በእግሬ ነው ከአያ ማኪና ጋራ።

ባለቤቴ መሪውን ይዘው ሲስቁ ትከሻቸው ይነቃነቃል፤ ከኋላ ሆኜ አያቸዋለሁ። ደስታ ይሉት ነገር እሱ እንደነበር ያኔ አላወቅሁም። አገር በጠላት እጅ፣ እኛ በአሮጌ ማኪና፣ ያውም በእግራችን እየሄድን፣ እንዴት ያለ ሳቅ እንስቅ ነበር!

አንድ ቅዳሜ ጠዋትም እንደ ልማዳችን ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ወረድን። ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ አዳልጧል። እኔ ከዚያች ከማር ሻጯ ጋር፣ አሁን ልጇን አዝላለች፣ ወሬ ይዘናል። ድንገት የማኪናዋ ድምፅ ተለወጠብኝ። ማቃሰቷን ትታ መጮህ ጀመረች። ፍሬኗ እምቢ ብሏል። መታጠፊያው ላይ አየኋት፣ ከዚያ አላየኋትም፤ የሰማሁት የሳንቃ ስብራትና የድንጋይ ናዳ ነው። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥሁ። «ጌታዬን!» እያልሁ እንደሆነ የነገሩኝ ሴቶቹ ናቸው፣ እኔ አላስታውስም።

ማኪናዋ ገደል ገብታለች። እሳቸው በሩን ከፍተው ዘለው ኖሮ መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፤ ግንባራቸው ደምቷል፣ ግራ እጃቸው ተንጠልጥሏል።

«ማን ቀረ?» አሉኝ።

«ማንም አልቀረ፤ ሁሉም በእግሩ ነው።»

«ቁጠሪያቸው።»

«ኧረ ሁሉም አሉ!»

«ቁጠሪያቸው አልሁሽ!»

ድምፅ አውጥቼ ቆጠርኋቸው፤ ሕፃኑንም ጭምር። ያን ጊዜ ነው ዓይናቸውን የጨፈኑት።

እኔ ግን ጭንቅላቴ ሌላ ቦታ ነበር። በቅሎ የለንም፣ ማኪናዋ ገደል ናት፤ የቀረን ያ የመድን ገንዘብ ብቻ ነው። ሰው መጫናችን ከታወቀ እሱም የለም፣ ከሜዳ ቀረን ማለት ነው። ሴቶቹን ሰበሰብሁና «እናንተ ገበያተኞች ናችሁ፤ በእግራችሁ ስትሄዱ ማኪና ሲገለበጥ አያችሁ» አልኋቸው። ገደሉ ወርደን ወንበር የነበረውን ሳንቃ ለቃቀምን፤ አንዱን ስባሪ ለእጃቸው መደገፊያ አሰርሁት፣ የቀረውን ሴቶቹ እንደ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመውት ሄዱ። እነዚያ ሴቶች የዚያን ቀን ገበያ አልዋሉም። እስከ ዛሬ ሳስባቸው ዓይኔ እንባ ያቀርራል።

ወጌሻ እጃቸውን አሽቶ ካሰረላቸው በኋላ ቢሮው አስጠራን። ሹሙ ገደሉን አይቶ ተመልሷል፤ ከጆንያ በቀር ያገኘው የለም። ከሴቶቹ ሦስቱን ይዣቸው ሄጃለሁ። ተጠየቁ፤ «ስትገለበጥ በእግራችን ነበርን፣ ማንም አልነበረባት» አሉ። ሐሰት የለበትም፤ እንድምል ቢሉኝ እኔም እምልላቸው ነበር። ሹሙ ራሱን ነቀነቀ፣ ብዕሩን አነሣ። ሊፈርም ሲል ወደ ባለቤቴ ዞር አለና እንደ ነገሩ አንድ ጥያቄ ጠየቃቸው።

«ሰው ጭነው ነበር ወይ ነው የሚልዎ፣ አያ» አለ አስተርጓሚው፤ በዓይኑ ግን እየለመናቸው ነው።

ባለቤቴ መለሱ። «እስከ ቁልቁለቱ ጫፍ ጭኛቸው ነበር። ጫፉ ላይ ነው ያወረድኋቸው።»

አስተርጓሚው እኔን አየኝ። ከዚያ ወደ ሹሙ ዞሮ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ፣ «ኖ» አለ። እግዜር ይስጠው፤ ያን ልጅ ተነሥቼ ልስመው ነበር።

ባለቤቴ ግን ኬላ ላይ ሲከራከሩ የለቀሟት ጥቂት ጣሊያንኛ ነበረቻቸው። በደኅናው እጃቸው ጠረጴዛውን መቱት። «ኖ አይደለም! ሶፕራ! ሶፕራ!» አሉ፤ ላይዋ ነበሩ ማለታቸው ነው። እንዳይሳሳት ደግሞ በጣታቸው ወደ ሴቶቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ላይ አሳዩት።

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ምንም አላገኘንም።

ፒያሳው ላይ ሰው መኖሩን ረስቼ ጮኽሁባቸው። «ምነው? ምነው እንዲህ ያደርጉናል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ሴቶቹ ምን ዋሹ? በእግራቸው አልነበሩም? ያ ልጅ እንኳ ለእኛ ሲል ራሱን ለእሳት ሲሰጥ!»

ሦስቱ ሴቶች ራቅ ብለው ቆመዋል።

«አንቺ» አሉኝ፣ «ዕድሜ ልኬን ጨው ጫንሁ፣ ቡና ጫንሁ፣ ቆዳ ጫንሁ። ሰው የጫንሁት በዚህች ማኪና ብቻ ነው። ያቺ ሴት ከነፅንሷ ጎንደር የገባችው በእኔ ማኪና ነው። አሁን ፊታቸው ቆሜ፣ ጆንያ እንጂ ሰው ጭኜ አላውቅም ልበል?»

ደሜ ስለፈላ ትቻቸው ወደ ቤት መንገድ ጀመርሁ። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ ሴቶቹ ሲያዋሯቸው ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ሳይ አንዷ የታሰረ እጃቸው እንዳይነካባቸው በደኅናው በኩል ሆና ትደግፋቸዋለች። ቆምሁ። እስኪደርሱ ጠበቅኋቸውና ቦታዋን ተቀበልኋት።