በጸበል ጀሪካን የቀዳሁት

ስለ መኪና ሲወራ የሚረታኝ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ የለም ብዬ አምን ነበር። ፋሲሎ ካለችው ጋራዤ በር ላይ ቆሜ ከመጣው ሁሉ ጋር እከራከራለሁ፤ ክርክሩም አንዳንዴ በቡጢ ያልቃል። ቁጡ ነኝ፣ ምን ልዋሽ! መኪናዬም እንደኔው ናት። ቱርቦ አላት፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የምትረጭ፣ ገና ሲነኳት ትጮኻለች። ግን የምናገኘው ቤንዚን አልስማማት አለ። የጎንደርን መንገድ ይዤ ዳገት ላይ ነዳጅ በረገጥሁ ቁጥር ሞተሩ ውስጥ ሰው በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ይመስል ነበር። ቤንዚኑ ከሙቀቱ የተነሣ ያለጊዜው እየፈነዳ ነው። እንዲህ ከቀጠለ ፒስተኑ ይበሳል፣ አበቃ።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ውሃና ሜታኖል እኩል ትቀላቅልና፣ ቱርቦው ወደ ሞተሩ በሚገፋው ትኩስ አየር ላይ ትረጨዋለህ። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ማንኳኳቱ ይጠፋል፣ ቫልቩ ላይ የተጋገረውንም ጥላሸት ያጥበዋል። ፓምፑንና የሚረጨውን ኖዝል ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ሜታኖሉን የሸጠልኝ ሰውዬ፣ "ይኸ የሚጠጣው አልኮል አይደለም፤ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል" ቢለኝ ሳቅሁበት።

"ማን ጅል ይጠጣዋል?" አልሁት።

ሦስት ቀን ታገልሁ። አንዱ ብሎን አልፈታ ብሎ ጣቴን ሲልጠኝ ቁልፉን ወርውሬ የጋራዡን መስኮት ሰበርሁ። የኖዝሉ ቀዳዳ ከፀጉር አይወፍርም፤ አንዲት ጉድፍ ከገባች ይደፈናል። ስለዚህ ንጹሕ ዕቃ ያስፈልገኝ ነበር። ጋራዥ ያለው ጀሪካን ሁሉ ዘይት የነካው ነው። ሹም አቦ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ግን አንድ ንጹሕ ጀሪካን ነበር፣ የአባቴ የጸበል ጀሪካን። ባዶውን ተቀምጧል። አነሣሁት።

አባቴ የሚኖሩት ከኔ ጋር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሆዳቸውን ስለሚያማቸው ከሐይቁ ደሴት ገዳም ጸበል ይመጣላቸዋል። ተማሪያቸው የነበረ ሁሉ ጀልባ ባገኘ ቁጥር ጀሪካኑን ወስዶ ይሞላና በራቸው ሥር አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። ማን አመጣው ተብሎ አይጠየቅም፤ ምስጋና ከተቀበለበት ዋጋው ይቀርበታል ይላሉ። እሳቸውም ጀሪካኑ ሞልቶ ካገኙት አማትበው፣ በማለዳ በባዶ ሆዳቸው አንድ አንድ ሲኒ ይጠጣሉ።

እኔ ይኸን ሁሉ አውቃለሁ! ተወልጄ ያደግሁበት ነው። ሰኞ ዕለት ግቢ ውስጥ ቀላቀልሁ፣ ለመኪናዋ የሚበቃትን ቀዳሁ፣ የተረፈውን ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ጥላ ወዳለበት ወሰድሁት። ጥላው ያለው የአባቴ በር ሥር ነው። ከዚያ መኪናዋን ይዤ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጥሁ። ጸጥ! አንድ ጊዜ እንኳ አላንኳኳችም። ብቻዬን መሪውን በቡጢ እየደበደብሁ ጮኽሁ። ጀሪካኑን ጭራሽ ረሳሁት።

ረቡዕ ጧት ስወጣ አባቴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ዛሬስ ጉሙ በርትቷል፤ የግቢው በር እንኳ አልታይ አለኝ" አሉኝ።

ፀሐይዋ ግንባር ትበሳለች። "የምን ጉም ነው አባዬ?" ብዬ ልስቅ ስል እግራቸው ሥር ሲኒውን አየሁት። ከሲኒው አጠገብ ጀሪካኑ አለ።

"ስንት ጊዜ ጠጡ?"

"ትናንትና ዛሬ። ያቃጥላል፤ ግን ጸበል መረረ፣ አቃጠለ ተብሎ አይታማም።"

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ በቅጡ አላውቀውም። ተሸክሜ መኪና ውስጥ ጣልኋቸው። የግቢውን በር ገጭቼ አንዱን ክንፍ ነቅዬው ወጣሁ። መንገድ የዘጋብኝን ባጃጅ እየገፋሁ ከቦይ ከተትሁት። የሆስፒታሉ በረኛ "መጀመሪያ ካርድ" ቢለኝ አንገቱን ይዤ ከግድግዳው ጋር አጣበቅሁት። ሰውየው ምን አጠፋ? ምንም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግን እኔን አልፈራችም። የጠጡትን ነገርኋት። "ዋናው ማርከሻ እጃችን ላይ የለም። ጠንካራ አረቄ ይዘህ ና፣ ለክቼ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። አረቄው ያለው ሰውነት ሜታኖሉን ወደ መርዝ አይለውጠውም። ዘገየህ ማለት ግን ዓይናቸውም ነፍሳቸውም ሄደ" አለችኝ። ሮጥሁ። አመጣሁ።

አባቴ አረቄው ሲሸታቸው ፊታቸውን አዞሩ። "በረቡዕ? ጸበል በገባበት ሆድ? አይሆንም።"

"ጸበል አይደለም አባዬ! ለመኪና የገዛሁት መርዝ ነው! በጀሪካንዎ የቀዳሁት እኔ ነኝ!"

"በስመ ሥላሴ ብዬ ጠጥቼዋለሁ። ከጀሪካኑ የገባው ምንም ይሁን፣ ከኔ የገባው ጸበል ነው።"

ለመንኋቸው። እግራቸውን ሳምሁ። ሐኪሟ በአፍንጫቸው ቱቦ ልታስገባ ብትሞክር መንጭቀው ጣሉት። አገጫቸውን ይዤ አፋቸውን ልከፍት ብል ጣቴን ነከሱኝ፤ ደሜ ነጭ ጋቢያቸው ላይ ተንጠባጠበ። እኒያ ዝንብ የማይገድሉ ሰው! ሐኪሟ ሰዓቷን አየች። ያን ጊዜ እጄን አነሣሁና አባቴን በጥፊ መታኋቸው። ጥምጥማቸው ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አስታማሚ ሁሉ "ኧረ በስመአብ!" ብሎ ጮኸ፤ አንዱ ከኋላዬ መጥቶ ማጅራቴን በቡጢ አለኝ፣ አልዞርሁበትም።

አባቴ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

ያን ዕለት በየሰዓቱ እየተለካ ጠጡ። በዘመናቸው አረቄ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ሰከሩ። ድጓውን እየዘለሉ፣ እየቀላቀሉ ያዜሙ ጀመር፤ እየተሳሳቱ ሲሄዱ መስማቱ ከጥፊው የባሰ አመመኝ። ከአጠገባችን የተኛን በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ቢስቅ ወንበር አንሥቼ ሄድሁበት፤ ሐኪሟ መሐል ገብታ ባትይዘኝ ኖሮ እገድለው ነበር። ማታ ሲደርስ የጠየቅሁትን መመለስ ተዉ። በማግስቱ ነፍሳቸው ተረፈች ተባልሁ። ዓይናቸው ግን አልተረፈም። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሌላ የለም።

ቤት ስመለስ የመኪናዋን ኮፈን ከፍቼ ፓምፑን፣ ኖዝሉን፣ ቱቦውን ሁሉ በመዶሻ ፈጨሁት። ሞተሩንም ጨመርሁለት። እጄ እስኪዝል መታሁ። ጎረቤት በአጥር ተንጠልጥሎ "ይኸ ሰው አበደ" ይል ነበር። ምንም አልቀለለኝም።

አባቴ ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ የንስሐ አባታችንን አስቀድሜ፣ በማጅራቴ ድንጋይ ተሸክሜ ደጃቸው ላይ ተንበረከክሁ። የወላጅ ፊት በእጅ ለነካ ሰው ሌላ ወግ የለውም። ስላጠፋሁት ዓይናቸው የምለው አፍ ስላጣሁ፣ "ስለ ጥፊው ይማሩኝ" ብቻ አልሁ።

እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ፈለጉት። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ ጉንጬን ዳሰሱት።

"ልጄ፣ ከዚያ በኋላ አጥርቼ ያየሁት ነገር የለም" አሉኝ። "በመጨረሻ ያየሁት ያንተን ፊት ነው። ስትመታኝ እያለቀስህ ነበር። ቀሪ ዘመኔን የማየው እሱን ነው፤ ይበቃኛል። በል ድንጋዩን አውርድ፣ አንገትህ ይጎዳል።"

ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ሰደዱ፤ ድንጋዩን ግን አጡት።