ባልን የምወስደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

«ምንም የለብሽም እህቴ። አግቢ፣ ይለቅሻል» አለኝ ዛሬ ሰቆጣ ላይ አንድ ሐኪም፣ የምርመራ ውጤቴን እያጠፈ።

ወገቤን ሌት ተቀን የሚቆረጥመኝ ሕመም ስም ሳይገኝለት ዓመት አለፈው። ብርድ ነው ተባለ፣ ነርቭ ነው ተባለ። ዛሬ ደግሞ ባል ማጣት ሆኖ አረፈው።

«ዶክተር፣ ባልን የምወስደው ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» አልኩት።

በሩ ክፍት ነበር። ከደሃና ወረዳ የመጡ አንዲት እናት ከውጭ ወረፋ ላይ ሆነው «ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ወስጄዋለሁ፤ ወገቤ እንደሆነ አልተሻለውም!» አሉ። ወረፋው በሳቅ ፈረሰ።

ሐኪሙም ሳይወድ ሳቀና «እውነቱን ለመናገር ሕመሙን አላወቅኩትም» አለ።

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። «አላውቅም» ከተባልኩ ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ። «ምንም የለብሽም» ከተባልኩ ግን ውሸታም ተብዬ ነው ቤቴ የምገባው። ውሸታም አይደለሁም።

እናንተስ፣ ስም ላልተገኘለት ሕመማችሁ ምን ታዘዘላችሁ?