ረቡዕና ዓርብ ብቻ የሚሻሻል ባትሪ

ካዛንቺስ፣ የባትሪ ምርምር ክፍል ውስጥ በቴክኒሻንነት የጀመርኩ ዕለት ኃላፊው ዶክተር መስፍን ነጭ ጋዋን ሰጠኝና አንድ ጥቁር ቁራጭ መዳፌ ላይ አኖረ። ዶክተሩ በዕድሜ ከልጄ እኩል ነው። ቁራጩ ቀጭን አሉሚኒየም ላይ የተቀባ ዱቄት ነበር።

"ኤሌክትሮድ ይሄ ነው፣ ጋሽ ታደሰ። ገና ስላልተዳመጠ ብዙው አየር ነው። አየሩን ያስወጡልኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱቄቱ በሁለት ድቡልቡል ብረቶች መሃል ሲዳመጥ ይጠቀጠቅና በዚያችው ቦታ ብዙ ኃይል ይይዛል። ከልክ በላይ ከተዳመጠ ደግሞ ባትሪው ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ መግቢያ ያጣል፣ ባትሪውም አይሠራም። እኛ ግን መዳመጫ ማሽን አልነበረንም። ጠይቀን "በሂደት ላይ ነው" ተብለናል። ሂደቱ ጡረታ እስክወጣ አላለቀም።

ከቢሯችን ጀርባ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘውዴ የላዛኛ ሊጥ የሚዳምጡበት የፓስታ ማሽን ነበራቸው። ሊጡ በእንቁላል ስለሚለወስ በጾም ቀን አይነኩትም።

"ረቡዕና ዓርብ ውሰዱት" አሉኝ። "ያ ጥቁር ነገራችሁ ማሽኔን ከነካ ግን፣ በቃ፣ አንተን ነው የምዳምጥህ!"

ኤሌክትሮዱን በፕላስቲክ እያሸግን መዳመጥ ጀመርን። የምርምር ዕቅዳችንም በጾም ተመራ። ሁዳዴ ሲገባ ውጤታችን ይመነደጋል። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀጥ ይላል። አንድ የበላይ ሹም ግራፉን አይተው "በየዓመቱ እዚህ ጋ የሚቆመው ለምንድን ነው? መብራት ይጠፋል?" ብለው ጠየቁ።

"የለም፣ ፍስክ ነው" አልኩ። ዶክተር መስፍን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ።

በሦስተኛው ዓመት የክፍሉ ዕጣ የሚወሰንበት ግምገማ እዚያው ሃምሳው ውስጥ ወደቀ። ውጤት ካላሳየን ክፍሉ ይዘጋል፤ እኔም በዚያ ዕድሜዬ ሥራ ፍለጋ ልወጣ ነው። ፈራሁ። እትዬ ዘውዴን ለምኜ ማሽኑን ለአንድ ሰዓት ተዋስኩ። ከሰዓት በኋላ ለሠርግ ላዛኛ ይሠሩበታል።

ቸኮልኩ። የብረቶቹን ክፍተት እያጠበብኩ አራት ጊዜ ማሳለፍ የነበረብኝን በአንዴ አጥብቤ አስገባሁት። ፕላስቲኩ ተቀደደ። ጥቁሩ ዱቄት ማሽኑ ውስጥ ተበተነ።

"ወልውለው ይመልሱላቸው፣ ጋሼ" አለኝ ዶክተሩ በሹክሹክታ። "ማለቴ፣ ማን ያያል?"

ወለወልኩት። አብረቀረቀ። ግን ዱቄቱ የሚበላ ነገር አይደለም። ሠርገኛው ሁሉ ፊቴ ተደቀነ፤ አፈርኩ። ማሽኑን ይዤ ሄጄ ነገርኳቸው።

ስድባቸው ስታዲየም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። "ሙሽራዋን ምን ላብላት? አንተን?" ሲበርድላቸው ማሽኑን በእግራቸው ወደ እኔ ገፉት። "ውሰደው! ከእንግዲህ ለእኔ ምን ይሠራልኛል?"

ሠርገኛው ማካሮኒ በላ። እኛ የራሳችን ማሽን ኖረን። በዚያ ፍስክ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ዳመጥን፤ ግምገማውንም አለፍን።

ለእትዬ ዘውዴ ምትክ ፍለጋ ደምበል ሄድኩ። አገር ለአገር እዞራለሁ ብዬ ነበር፤ የመጀመሪያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ስድስት ተደርድረዋል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሸጡት?" አልኳት ሻጯን።

"ሁልጊዜም አለ፣ ጋሼ። የሚጠይቅ ሰው ነው የሌለው።"

ኤሌክትሮድ ቀስ በቀስ ይዳመጣል። ማሽን ከመዋስ በፊት ሱቅ ይጠየቃል።